የሶፊና ቀብር በሬ እና አምስተኛው ጥያቄ

ለክቡር ዶክተር ሌሴጎ ሞዲሴ
የንዋሪቲ የዱር እንስሳት ፓርክ ዋና ዳይሬክተር
በቢሮዎ ካሉ በቢሮዎ፣ ስብሰባ ላይ ከሆኑም በስብሰባዎ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በሐምሌ ወር በዋናው በር ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመው ንግግር ካደረጉ ወዲህ ወገብዎ እንዴት ሆነ? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደህና ናቸው? ድምፅዎ እንዳይዘጋ፣ ቁመናዎም እንዳይጎዳ በየዕለቱ ጸሎቴ ስምዎን አነሳለሁ። በፍቅር ነው ብል ግን እዋሻለሁ። ጠላታችሁን ውደዱ የሚለው ቃል ከመጽሐፉ ሁሉ አስቸጋሪ ሆኖብኝ ስለኖረ፣ በእርስዎ እየተለማመድኩ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ሪሲማቲ ማሉንጋና እባላለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። በፓርክዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ዱካ ተከታይ ሆኜ አገልግዬ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ባትሪ የሌለው የግድግዳ ሰዓት ተሸልሜ በጡረታ ተሰናብቻለሁ። ባለቤቴ ሶፊና ካረፈች ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። የቀረችኝ አንዲት ልጅ ንካቴኮ ናት፤ እሷም የእርስዎ ፓርክ ጠባቂ ናት፣ ቢያንስ እስከ ማክሰኞ ድረስ። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ተሰብስቦ፣ ከአውራሪስ ገዳዮች ጋር ተባብራለች ብሎ ከሥራ ያባርራታል፣ ስሟንም ለፖሊስ ያስተላልፋል። ቀርቤ ምስክር ልሁን ብዬ ባመለክት፣ የፓርኩ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ኮሚቴው ፊት እንደማይቀርብ በሚያምር ወረቀት ተጽፎ ደረሰኝ። ስለ ወረቀቱ ጥራት አመሰግናለሁ። የውስጡ በር ስለተዘጋብኝ በውጭው በር መጥቻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ አንዱን ለእርስዎ፣ አንዱን ለሳምንታዊው ጋዜጣ፣ አንዱን ደግሞ ለምፓሌኒ መንደር ሱቅ ግድግዳ ጽፌዋለሁ።

አንደኛ። ስለ አዲሱ ሰሌዳ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። «እዚህ አውራሪስ በሰላም ይኖራል» የሚለው ጽሑፍ ከአስፋልቱ ማዶ ሳይቀር ይነበባል። ሰሌዳው በተመረቀበት ዕለት ጠባቂ የተባለ ሁሉ አዲስ የደንብ ልብስ ለብሶ በሩ ላይ እንዲሰለፍና እንዲዘምር ስላዘዙ፣ በፓርኩ ምሥራቃዊ ክፍል ከጠዋት እስከ ቀትር ሰው የሚባል አልነበረም። አምስት ሰዓት ገደማ፣ እርስዎ ከእንግዲህ አንዲት ቀንድ ከዚህ አትወጣም በሚሉበት ሰዓት፣ ከሩቅ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጄ ቀና ብላ «ጥይት ነው» አለች። የቡድን መሪዋ «ዝም በይ አንቺ፣ ካሜራው ወደኛ ዞሯል» አላት። «ጥይት ነው እኮ የምልህ!» ብትለው፣ «የመኪና ጎማ ነው የፈነዳው፤ ይልቅ ፈገግ በይ» ብሎ መለሰላት። እርስዎም ከመድረኩ ላይ ሰምተው ኖሮ «አያችሁ፣ ሰማዩም አጨበጨበልን!» ብለው ሕዝቡን አሳቁት። ፎቶግራፉ በቢሮዎ መተላለፊያ ላይ ተሰቅሏል ይሉኛል። ከረድፉ መካከል ያልሳቀችውን ካዩ፣ እሷ ልጄ ናት።

ሰማዩ ያጨበጨበላትን እኔ አውቃታለሁ። ግራ ጆሮዋ ላይ ሁለት ምልክት የተቆረጠባት፣ ሰው ሲሸታት ከመሸሽ ይልቅ ዞራ የምትቆም እንስት አውራሪስ ናት፤ በእናቷ ሥር ትሮጥ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ዱካዋን አንብቤዋለሁ። ገዳይ እንዳይመኛት ተብሎ ከሁለት ዓመት በፊት ቀንዷ ተቆርጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መልሶ ያደገው ከመዳፌ አይበልጥም። ለዚያች ጉማጅ ሲሉ ፊቷን እስከ ዓይኗ ድረስ በመጥረቢያ አነሱት። ግልገሏ በማግስቱም ከጎኗ አልራቀም፤ እየደጋገመ ጡቷን በአፍንጫው ይገፋ ነበር። አውራሪስ ቀንዱ ከጥፍርና ከፀጉር የተለየ ነገር እንዳልሆነ እዚህ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ባሕር ማዶ ፈጭቶ እንደ መድኃኒት ለሚጠጣው ሰው መልእክት የሚያደርስልኝ ባገኝ፣ የእጄንም የእግሬንም ጥፍር ቆርጬ በነጻ በላክሁለት ነበር።

ሁለተኛ። ስለ ዓይኔ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ዱካ የሚያነቡት ሁለቱ ልጆች ሥራ ለቀው ስለነበር፣ በማግስቱ መኪና ልከው ከቤቴ አስጠሩኝ፤ እኔም ኮቴን ደርቤ መጣሁ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ከጎማ የተሠራ ሰንደል ተጫምተዋል። ሦስተኛው ቦት ጫማ ያደረገ፣ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ጣል እያደረገ የሚራመድ ሰው ነው፤ ባረፈ ቁጥር መጥረቢያውን መሬት ላይ ያስደግፋል። ከሬሳዋ ተነስተው ወደኛ መንደር ወደ ምፓሌኒ አጥር አንዲት እርምጃ አልሄዱም። የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ይዘው ወደ ማገዶ መንገዱ ወጡ፤ እዚያ ፒካፕ ቆማ ስትጠብቃቸው ነበር። የፊት ግራ ጎማዋ ሙልጭ ያለ ነው። በዚያ መንገድ ደግሞ ከቢሮዎ ፈቃድ የተጻፈለት ማገዶ ጫኝ ካልሆነ በቀር መኪና አይገባም።

ይህን ስነግርዎ «ማዳላ» አሉኝ፤ ሽማግሌው ማለትዎ ነው፤ አባቴ ግን ስም አውጥቶልኝ ነበር። «ማዳላ፣ ዓይንህ ደክሟል። ሂድ ሻይ ጠጣ።» «ክቡርነትዎ፣ ዓይኔ ቢደክም ጎማው አይደክምም» ብልዎ፣ «ማገዶ ጫኙ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ይመላለሳል» ብለው ስልክዎን አነሱ። ሻዩን ጠጣሁ። ጥሩ ሻይ ነበር። በሪፖርትዎ ላይ ግን ዱካው ወደ ምፓሌኒ መንደር እንዳመራ ተጻፈ።

እሑድ ዕለት እኛ ሁለተኛውን መዝሙር ስንጀምር ፖሊስና ውሻ ወደ መንደራችን ገቡ። የመዘምራኑ ካባ የሚቀመጥበት ሣጥን ሳይቀር ተበረበረ። የዘጠና ዓመቷ እማማ ምካቻኒ ግቢ ገብተው የበቆሎ ዱቄቷን ጆንያ መሬት ላይ ገለበጡት፤ ከገመድ የወረደውንም ቋንጣ ውሻው በላው። አሮጊቷ በምርኩዟ ተደግፋ ቆማ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ጎሽ! ቀንዱን አጣኸው እንጂ ቋንጣዬን አልሳትከውም» አለችው። ውሻውን ነው ያለችው፤ ፖሊሱ ግን ቀላ። ክቡርነትዎ ዱቄቷን ለመተካት ቃል ስለገቡላት በስሟ አመሰግናለሁ። እስካሁን አልመጣም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ አራት ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ሦስተኛ። ስለ ውሸት ማወቂያ ማሽኑ። ከዋና ከተማ ድረስ በባለሙያ ታጅቦ የመጣውን ይህን ዕቃ እኔ በዓይኔ አላየሁትም፤ ንካቴኮ እንደነገረችኝ ጣት ላይ ይታሰራል፣ ደረት ላይ ይጠመጠማል፣ ከዚያም የልብን ምት እየለካ እውነቱን ከውሸቱ ይለያል አሉ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን የሚያደርግ አንድ ብቻ ነው ተብለን ነበር ያደግነው፤ ስላረሙን አመሰግናለሁ። ማሽኑ ፊት የቀረቡት ጫካ ውለው ጫካ የሚያድሩት ሃያ ሁለቱ ጠባቂዎች ናቸው። የጥበቃውን ተራ የሚያወጣው፣ የማገዶውን ፈቃድ የሚፈርመው፣ ሁሉንም ሰው በአንድ ጠዋት በር ላይ የሚያሰልፈው አልቀረበም። የቢሮ ሰው ልቡ ስለማይመታ ይሆናል።

ልጄ በዚያ ቀን ከቤት ገብታ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አወለቀች፤ እንደ ወትሮው ግን አላራገፈችውም። ገንፎውን አቅርቤላት ምን እንደጠየቋት አንድ በአንድ ጠየቅኋት። እሷም ቆጠረችልኝ፤ ቀንድ ነክተሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ የጥበቃ መርሐ ግብር ለውጭ ሰው ነግረሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ጥይት ሸጠሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ገዳይ ሲያልፍ አይተሽ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ ወይ። አራቱን አልፋለች። ከዚያ ገንፎዋን ትጠፈጥፍ ጀመር።

«አምስተኛውስ?» አልኳት።

«አምስተኛው ስለ ቤተሰብ ነው፣ ታታና።» አባዬ ስትለኝ ነው።

«ምን አሉሽ?»

«ከቤተሰብሽ ከገዳዮች ስጦታ የተቀበለ ሰው አለ ወይ አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«የለም አልኳቸው።»

«እናስ?»

«እናማ ማሽኑ ጮኸ። ምን ላድርገው፣ በእማዬ ቀብር ላይ ያ በሬ አልነበረ?»

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አልበላንም።

አራተኛ። አራተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥቂት ይታገሡኝ።

ሶፊና በትምህርት ቤቱ ኩሽና ሃያ ዓመት አብስላለች። እናትና አባት የሞቱበት ጌዛኒ ሲምቢኔ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነበር፤ ሌሎቹ አንድ ጊዜ ሲበሉ እሷ የድስቱን ሥር ፍቃ ሁለተኛ ትሰጠው ነበር። ያ ልጅ አደገ። ለእንግዳ ማረፊያዎ ማገዶ ማቅረብ ጀመረ። ማገዶ እየጫነ ፎቅ ቤት ሠራ፤ በረንዳው ላይ የመስታወት በር አለው። ከማገዶ ፎቅ የሠራ ሰው በዓለም ላይ የመጀመሪያው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ ግን «ጎበዝ ልጅ» እያልን በፒካፑ ኋላ ተጭነን ገበያ እንሄድ ነበር። ምን እንደሚሠራ በምፓሌኒ የማያውቅ የለም። የሚናገርም የለም።

ሶፊና ስታርፍ እኔ እንደ ወጉ አንገቴን ደፍቼ ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ። ጌዛኒ አንድ ነጭ ሻኛው የተንዠረገገ በሬ እየነዳ መጣ፤ እንዲህ ያለ በሬ በእኛ በረት ታይቶ አያውቅም። ደጃፌ ላይ ተንበርክኮ «አባባ፣ እማማ ሶፊና ሁለተኛ ሳህን ትሰጠኝ ነበር። በሬው የሷ ነው» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እንባው የውሸት አልነበረም። በእኛ ዘንድ ለቀብር የመጣ ከብት ከየት መጣህ አይባልም፤ የሚጠይቅ ሰው ሟቹን እንዳዋረደ ይቆጠራል። እኔም ይህን ወግ ያከበርኩ መስዬ «እግዚአብሔር ይስጥልን» አልኩ። ወጉን ማወቄ እውነት ነው። ከወጉ ጀርባ መደበቄም እውነት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የማንንም ዱካ ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ የዚያ በሬ ዱካ ከየት እንደተነሣ ለማየት አንገቴን ቀና አላደረግሁም። ንካቴኮ በበሩ ቆማ አየችኝ። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም፤ ለማሽንዎም ቢሆን።

በዚያ ብቻ ቢያበቃ መልካም ነበር። ክቡርነትዎ፣ ያን ዕለት በማገዶው መንገድ ላይ ሙልጭ ያለውን ጎማ አሳየሁዎት እንጂ የማን እንደሆነ አልነገርኩዎትም። አውቀው ነበር። በዚያች መኪና ኋላ ተቀምጬ ስንቴ ገበያ ሄጃለሁ! ስሙ ከጥርሴ ደርሶ ሳለ በሬው ትዝ አለኝ፣ ሶፊና ትዝ አለችኝ፣ ሕዝቡም በልቶ ጠግቦ «ሶፊና በክብር ተሸኘች» ያለው ትዝ አለኝና ዋጥሁት። ማንም ዝም በል አላለኝም። ጌዛኒም ስለ በሬው አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ያልተጠየቀ ዝምታ ነው የከፈልኩት። እርስዎ ዓይንህ ደክሟል ሲሉኝ በልቤ ደስ አለኝ፤ ከመናገር ያዳኑኝ መሰለኝ። ሶፊና ካረፈች ጀምሮ ከጌታ እራት ርቄያለሁ፤ ምእመናኑ ጨጓራዬን ያመመኝ ይመስላቸዋል። አባቱ የዋጠውን ልጅቱ እንድትተፋ ማክሰኞ ኮሚቴ ሊሰበሰብባት ነው። ስለዚህ የዋጥሁትን ራሴ አወጣዋለሁ።

ከገዳይ ስጦታ የተቀበለው የቤተሰቡ ሰው እኔ ነኝ። ፒካፗ የጌዛኒ ሲምቢኔ ናት። ትናንት በአውራጃው ፖሊስ ጣቢያ ቀርቤ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ወጣቱ መኮንን ሁለት ጊዜ «አባባ፣ እርግጠኛ ነህ? እዚያው መንደር እኮ ነህ» ብሎ ጠይቆኝ፣ ሁለት ጊዜ አዎ ብዬ ፈርሜአለሁ። ሶፊና በማሰሮዋ ሥር ያሳደገችውን ልጅ አሳልፌ መስጠቴ ደስታ አልሰጠኝም። ወደ ፖሊስ ከመሄዴ በፊት በሱ ደጅ አልፌ ነበር፤ መኪናውን ያጥብ ነበር። «አባባ፣ ገበያ ላድርስህ?» አለኝ። «ዛሬ በእግሬ ነው» አልኩት። ይህን ሲያነብ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ደጄን አልዘጋም፤ ቢመጣ ገንፎ አለ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ንካቴኮ በአምስተኛው ጥያቄ ዋሽታለች፤ የዋሸችው ግን ለገዳይ አይደለም፣ ለአባቷ ነው። ጥይቱን የሰማችው እሷ ናት፤ የተናገረችውም እሷ ብቻ ናት። ጆሮ ያለውን አባርረው በሰሌዳ ሊጠብቁ ካሰቡ መብትዎ ነው፤ ሰሌዳው በእርግጥ አይዋሽም፣ የሚለውን አያውቅምና። ካልሆነ ግን ክሱን ከስሟ ላይ አንስተው በስሜ ላይ ያድርጉት። እኔን ከሥራ ማባረር አይቻልም ካሉኝ፣ የግድግዳ ሰዓቱን እመልሳለሁ።

ለታላቅነትዎ ዝቅ ብሎ የሚሰግድ፣ ነገር ግን ከጉልበቱ ሕመም የተነሣ እምብዛም ዝቅ ማለት የማይችለው፣ የቀድሞ ዱካ ተከታይዎ፣

ሪሲማቲ ማሉንጋና
ምፓሌኒ መንደር፣ ሊምፖፖ

ማስታወሻ፦ ለመርሳት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። በሶፊና ቀብር ላይ ክብርዎን ዝቅ አድርገው በመገኘትዎ እስካሁን በአግባቡ አላመሰገንኩዎትም። ከመቃብር ስንመለስ ደጃፌ ላይ እንደ ወጋችን ሬት በተነከረበት ውሃ እጅዎን ታጠቡ፤ ከድንኳኑ በታች በቀኜ ተቀመጡ፤ በሉም። ከዚያ ሳህንዎን ለሶፊና ወንድም ዘርግተው «ይሄን የመሰለ በሬ ማን ነው ያመጣው?» ብለው ጠየቁት። «ጌዛኒ ነው፣ የማገዶው» አለዎት። «ጌዛኒማ የኔ ሰው ነው! በል እስቲ ከሻኛው ጨምርልኝ» አሉት። ሀዘንተኛ አንገቱን ቢደፋም ጆሮውን አይደፍንም። ማክሰኞ ከሁለት ሰዓት በፊት ዋናው በር ላይ፣ ከሰሌዳው ሥር እቆማለሁ። ማሽኑን ይሰኩልኝ፤ ጣቴን ታጥቤ እመጣለሁ። ከእኔ ቀጥሎ ለእርስዎ የሚሆን ወንበር እንዲዘጋጅ ትእዛዝ ይስጡልኝ፤ ባለሙያው ጥያቄ ካጠረው እኔ አንድ አለኝ፤ ሻኛው ጣፍጦዎት ነበር?